«16 ሚሊ ሜትር፣ 200 ሜትር»፦ ስለ ብረት ገመድ ግዥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራ ተቋራጮች፣ ለክሬን ባለቤቶች፣ ለግዥና ለንብረት ክፍል ኃላፊዎች፤

በግንባታ ሥራ ላይ የብረት ገመድ የሚጠየቅበት የግዥ ቅጽ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም፤ «የብረት ገመድ፣ 16 ሚሊ ሜትር፣ 200 ሜትር» ተብሎ ይሞላና ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ያሸንፋል። የዚህ ደብዳቤ ወቀሳ፣ አሠራሩ ገመዱን ከውፍረቱና ከርዝመቱ በቀር ባሕርይ የሌለው ዕቃ አድርጎ ይቆጥረዋል የሚል ነው።

የብረት ገመድ የሚሠራው በሁለት ደረጃ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ ላይ ተገምደው «ግምድ» ሊባል የሚችለውን ክፍል ይፈጥራሉ፣ ቀጥሎም ግምዶቹ ከቃጫ ወይም ከብረት በተሠራ እምብርት ዙሪያ ይጠመጠማሉ። «6 በ19» የሚባለው ገመድ 6 ግምዶች ያሉትና በእያንዳንዱ ግምድ በስያሜው 19 ሽቦዎች የሚቆጠሩለት ነው፤ «6 በ36» ደግሞ በዚያው ውፍረት ውስጥ ብዙና ቀጫጭን ሽቦዎችን ስለሚይዝ በፑሊ ላይ ሲመላለስ መታጠፍን ይችላል፣ ሆኖም ስስ ሽቦ በመፋተግ ቶሎ ስለሚያልቅ መሬት ላይ ለሚጎተት ገመድ አይመረጥም። የሁለቱ የመበጠሻ ኃይል በጣም ተቀራራቢ በመሆኑ ልዩነታቸው ከሻጩ የጥንካሬ ቁጥር ላይ አይነበብም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ግን የአገማመዱ አቅጣጫ ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ተይዞ ሲታይ ግምዶቹ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ከወጡ ወደ ቀኝ የተገመደ፣ በተቃራኒው ከሄዱ ወደ ግራ የተገመደ ይባላል፤ በግምዱ ውስጥ ያሉት ሽቦዎችም የራሳቸው አቅጣጫ አላቸው። የጥጥ ፈታይ ፈትሏን ስትደርብ በፈተለችበት አቅጣጫ ተቃራኒ እንደምታከረው ሁሉ፣ በተለመደው የብረት ገመድ ሽቦዎቹና ግምዶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አንዱ የሌላውን የመፈታት ዝንባሌ በከፊል ይገታል፤ እንዲህ ያለው ገመድ በውጭ ሲታይ ሽቦዎቹ ከገመዱ ርዝመት ጋር ትይዩ የተኙ ይመስላሉ። ላንግ በሚባለው አገማመድ ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ይህ ዓይነቱ እንግዳ አይደለም፤ የማዕድን ባለሥልጣኑ ቪልሄልም አልበርት እ.ኤ.አ. በ1834 በጀርመን ሃርትስ ተራሮች፣ በክላውስታል የማዕድን ጉድጓድ፣ እየተበጠሰ ያስቸገረውን ሰንሰለት የተካበት ባለ ሦስት ግምድ ገመድ፣ በእያንዳንዱ ግምድ 4 ሽቦ የነበረው፣ በዚሁ መንገድ የተገመደ ነበር። ላንግ መፋተግንና መታጠፍን በሚገባ ይቋቋማል፤ ሁለቱ ጫፎቹ እንዳይዞሩ ካልታሰሩ ግን ጭነት ሲንጠለጠልበት ራሱን ይፈታል።

እነዚህን ልዩነቶች ሳይለዩ መግዛት የሚያስከትለው ጉዳት በታወር ክሬን ላይ ጎልቶ ይታያል። ከፍ ያለ ሕንፃ የሚሠራ ክሬን ብዙውን ጊዜ መዞርን የሚቋቋም ገመድ ይፈልጋል፤ በዚህ ገመድ የውጭው ረድፍ ግምዶች ከውስጠኛው ረድፍ በተቃራኒ የተጠመጠሙ ናቸው። ንብረት ክፍሉ በዚያው ውፍረት ተራ «6 በ36» ገዝቶ ሲያስገባ፣ መንጠቆው ከከፍታ ላይ ይዞርና ወደ ላይ የሚወጡት የገመድ መስመሮች እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ፣ ኦፕሬተሩም ክሬኑን ይወቅሳል። በለስላሳ ድራም ላይም ቢሆን ለቀኝ አገማመድ በታሰበ ማሰሪያ ጫፍ የግራው ሲታሰር፣ ጥምጥሞቹ እየተራራቁ ክፍተት ይፈጥራሉ፣ የሚቀጥለውም ረድፍ እዚያ ክፍተት ውስጥ እየገባ ይጨፈለቃል።

ጉዳዩ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በሊዝበን የደረሰውን ይመልከት፤ የግሎሪያ ተዳፋት ባቡር ሠረገላዎችን የሚያያይዘው ገመድ ከማሰሪያው ላይ ተበጥሶ 16 ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎቹ በመጀመሪያ ሪፖርታቸው ገመዱ የተጠየቀውን ስፔሲፊኬሽን እንደማያሟላ፣ ለመንገደኛ ማጓጓዣም እንዳልተረጋገጠ፣ ጫፉ በነፃ በሚዞር ማያያዣ ለሚታሰርበት ሥርዓትም እንደማይመከር ጽፈዋል። የአደጋው መንስኤ ይኸው ነው ብለው በዚያ ሪፖርት አልደመደሙም፤ ለዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ግን ያልተገባ ገመድ በግዥና በቁጥጥር ደረጃዎች ሁሉ አልፎ ሥራ ላይ መዋሉ በቂ ነው።

ስለዚህ የግዥ ቅጹ ከውፍረቱ ጎን የግምዶቹንና የሽቦዎቹን ብዛት፣ የእምብርቱን ዓይነት፣ አቅጣጫውንና አገማመዱን፣ የሽቦውን የጥንካሬ ደረጃ፣ ለምሳሌ 1770 ወይም 1960፣ እንዲጠይቅ፤ እነዚህንም የሚያጽፈው የክሬኑን መመሪያ መጽሐፍ ያነበበ መሐንዲስ እንዲሆን፣ ነጋዴውም የአምራቹን የምስክር ወረቀት ከጥቅልሉ ጋር እንዲያስረክብ ይጠየቃል። በመጋዘን ያለ ምስክር ወረቀት የተቀመጠውን በተመለከተ፣ አቅጣጫው በዓይን ሊለይ፣ ሽቦውም ሊቆጠር ይችላል፤ የጥንካሬ ደረጃው ግን በላቦራቶሪ ካልተፈተነ አይታወቅምና፣ እስኪፈተን ድረስ አጥር ለማሰር እንጂ ሸክም ለማንሣት አይውል።