ከሜጋፒክስሉ በፊት የሴንሰሩን ስፋት ጠይቁ

«ወንድሜ ከ11 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። ‹ጥሩ የኪስ ካሜራ ይዤ ልምጣ፤ ምን ዓይነት ይሁን?› ብሎኛል። እናታችን 80 ዓመት አልፏታል። ሁላችንም አንድ ላይ የምንሆነው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ስንት ሜጋፒክስል ልበለው?»

ይህን የጠየቀችኝ የዚህ ዓምድ ተከታታይ ናት። መልሴ አጭር ነው፤ ሜጋፒክስሉን ተዪውና የሴንሰሩን ስፋት ጠይቂው። ምክንያቱ ግን ትንሽ ማብራሪያ ስለሚፈልግ፣ ካሜራ ለመግዛት ወይም ለማስመጣት ያሰባችሁ ሌሎች ቤተሰቦችም እንድትጠቀሙበት እዚሁ ላስረዳ።

ሴንሰር ከሌንሱ ጀርባ ተቀምጦ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው። በድሮው ካሜራ የፊልሙ ቦታ ነበር። ሜጋፒክስል ደግሞ ይህ ክፍል ወደ ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንደተከፋፈለ የሚናገር ቁጥር ነው። እንጀራን አስቡ። አንድ እንጀራ ለ10 ሰው ቢቆረስም ለ15 ሰው ቢቆረስም ያው አንድ እንጀራ ነው፤ የሚያንሰው የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ነው። እዚህ ላይ የሚቆረሰው ብርሃን ነው፤ ብዙ ብርሃን የሚገኘው ደግሞ እንጀራው ሲሰፋ እንጂ ቁራሹ ሲበዛ አይደለም።

በጠራራ ፀሐይ ብርሃኑ ለሁሉም ስለሚተርፍ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ጉዱ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ትንሽ ሴንሰር ያለው ካሜራ ያገኘውን ጥቂት ብርሃን አጉልቶ ያሳያል፤ ሲያጎላ ግን እንከኑንም አብሮ ያጎላዋል። ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ካሜራው ያን አሸዋ ለመጥረግ ሲሞክር ደግሞ የፊትን መስመር፣ የሹሩባውን ጉንጉንና የነጠላውን ጥለት አብሮ ይጠርጋል። ያኔ የእናት ፊት የሰም ምስል ይመስላል።

የእኛ የቤተሰብ ፎቶ በብዛት የሚነሳው መቼ ነው? ማታ ሳሎን ውስጥ በአንድ አምፖል፣ ቡና ሲፈላ፣ የልደት ሻማ ሲበራ፣ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ። ስለዚህ ለእኛ ቤት የሴንሰር ስፋት የባለሙያዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አምራቾቹም ይህን ያውቁታል። ካነን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጂ10 የተባለ የኪስ ካሜራ 14.7 ሜጋፒክስል ነበረው። በ2009 የተከተለው ጂ11 ግን የሴንሰሩ ስፋት ሳይለወጥ ወደ 10 ሜጋፒክስል ወረደ። በየዓመቱ ቁጥር መጨመር በተለመደበት ገበያ አዲሱ ካሜራ ከአሮጌው ያነሰ ቁጥር ይዞ መጣ፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚሰጠው ምስል ግን የተሻለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ደግሞ እንጀራውን ራሱን አሰፉት። ፉጂፊልም በ2011 ኤክስ100ን፣ ሶኒ በ2012 አርኤክስ100ን፣ ሪኮ በ2013 ጂአርን አወጡ። የስፋታቸውን ልዩነት በቁጥር እንየው። የተራ ኪስ ካሜራ ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሕፃን ልጅ ጥፍር አይበልጥም። የአርኤክስ100 ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የዚያን አራት እጥፍ ይሆናል። ኤክስ100 እና ጂአር የያዙት ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መጠን 23.6 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተራው 13 እጥፍ ይሰፋል።

ሻጭ «ይሄኛው 1 ኢንች ነው» ሲላችሁ በማስመሪያ እንዳትለኩት። ስሙ የተወረሰው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራዎች የመስታወት ቱቦ ነው። «1 ኢንች» የሚባለው ሴንሰር ከጥግ እስከ ጥግ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እውነተኛው ኢንች ግን 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያዋጣው መጠኑን በሚሊ ሜትር መጠየቅ ነው።

ሰፊ ሴንሰር በነፃ አይመጣም። ሴንሰሩ ሲሰፋ ሌንሱም መግዘፍ አለበት። ካሜራው ኪስ ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ ዙሙ ይቀነሳል፤ ኤክስ100 እና ጂአር ጭራሽ ዙም የሚያደርግ ሌንስ የላቸውም። አንድ የኪስ ካሜራ «30 እጥፍ ዙም» ከተጻፈበት ሴንሰሩ ትንሽ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ዙም ያለውም ቢሆን ሲስቡት ብርሃን ይቀንሳል። የመጀመሪያው አርኤክስ100 ሌንስ ሳይሳብ ኤፍ 1.8 ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ኤፍ 4.9 ይሆናል፤ የሚያስገባው ብርሃን ወደ አንድ ሰባተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ማታ ፎቶ ስታነሱ ዙሙን ከመሳብ ሁለት እርምጃ ቀረብ ማለት ይሻላል።

«ስልክስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ዘመናዊ ስልኮች አንዴ ስትነኳቸው ተከታታይ ፎቶዎችን አንስተው አንድ ላይ እያዋሃዱ የሴንሰራቸውን ማነስ ያካክሳሉ። ጸጥ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ይህ በደንብ ይሠራል። እስክስታ ለሚወርድ ወይም አያቱ ጭን ላይ ለሚንፈራገጥ ሕፃን ግን ማዋሃዱ ይከብዳቸዋል፤ ምስሉ ሊደበዝዝ ይችላል። ጥሩ ስልክ ያለው ቤተሰብ ተራ የኪስ ካሜራ ቢጨምር ብዙም አያተርፍም። ካሜራ ከተገዛ ቢያንስ 1 ኢንች የሚባለው ይሁን።

የሜጋፒክስሉን ነገር ፎቶ ቤት ሄዳችሁ አስቡት። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማሳጠብ 2 ሜጋፒክስል ገደማ፣ በኤ4 ወረቀት ልክ ለማሳተም ደግሞ 9 ሜጋፒክስል ይበቃል። አንድ ፎቶ ሰፍቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚያሳፍረን ብዙ ጊዜ የቁጥሩ ማነስ ሳይሆን ያ የተበተነ አሸዋና የሰም ፊት ነው። ሰፍቶ የሚሰቀለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ዳግመኛ ሊነሳው የማይችል ፎቶ ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ለወንድምሽ ሦስት ነገር ንገሪው። ሴንሰሩ ቢያንስ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሌንሱ ኤፍ 2 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ይኑረው። ከመግዛቱ በፊት ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጎ፣ ፍላሹን አጥፍቶ የሰው ፊት ያንሳበትና በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ይየው፤ ቅንድቡ ፀጉር በፀጉር ከታየው ይግዛው። በጀቱ ካልበቃ ያገለገለ ሰፊ ሴንሰር ከአዲስ ትንሽ ሴንሰር ይሻላል፤ ሌንሱ አለመጫሩንና ባትሪው ክፍያ መያዙን ብቻ ያረጋግጥ።

በሚቀጥለው ሳምንት በስልክና በኮምፒውተር ተበትነው የቀሩ ፎቶዎችን እንዴት ሰብስበን እንደምናስቀምጥ እናያለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።