አባይ መኪና ሲሞት ማን አለቀሰ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የድሮ «አባይ» መኪና ፎቶ ለጥፎ «ይሄ ኩባንያ በጊዜው ለቻይኖች ቢሸጥ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የወረደውን አስተያየት አንብባችሁልኛል? ግማሹ «ሀገር ሻጭ!» ይለዋል። ግማሹ ደግሞ «እኛ ምንም አናውቅበትም፣ ፈረንጅ ይምጣና ይግዛው» ይላል። ያስተማርኳቸው ልጆች በሁለቱም ጎራ ስላሉበት ዝም ማለት አልሆነልኝም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

መጀመሪያ ልጅ ለነበራችሁት ታሪኩን ላስታውስ። ሆላንድ ካር በ2005 ተቋቋመ። መሥራቹ ኢንጂነር ታደሰ ተሰማ ናቸው። መገጣጠሚያው ሞጆ ነበር። ለመኪኖቹ የወንዞቻችንን ስም ሰጧቸው፤ አባይ፣ አዋሽ እያሉ። እኛ ጎጃሞች መቼም አባይ ሲባል ልባችን ሞቅ ይላል። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «አባይ» ሊፋን 520 የሚባል የቻይና መኪና ነበር። አካሉ ተበታትኖ ይመጣል፣ እዚህ ይገጣጠማል፣ ስሙ ይለጠፍበታል። ይሄ ነውር የለውም፤ ብዙ ሀገር የጀመረው እንዲህ ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ ነው።

በመስከረም 2010 ብር በአንድ ጊዜ 17 በመቶ ግድም እንዲዳከም ተደረገ። በ13 ብር ከ60 ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር 16 ብር ከ35 ግድም ገባ። እንደ ክፍል ውስጥ ምሳሌ ላስላው፦ የአንዷ መኪና ዕቃ 10 ሺህ ዶላር ቢሆን 136 ሺህ ብር ይፈጅ የነበረው 163 ሺህ 500 ሆነ። የ27 ሺህ 500 ብር ልዩነት! ከደንበኛ ብር ቀድሞ ተቀብሎ ዕቃውን በዶላር ለሚያስመጣ ድርጅት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የትኛውም ባለሱቅ ይነግራችኋል። በዚያ ላይ የውጭ ምንዛሪ ወረፋው አለ። በ2013 ድርጅቱ ከሰረ ተባለ፣ አለቀ።

አሁን «ሀገር ተሸጠ» ባዮቹን ልጠይቅ። መሥራቹ ኢትዮጵያዊ፣ ስሙ አባይ፣ ፋብሪካው ሞጆ። ለማንም አልተሸጠም። ታዲያ የት አለ? ሲሞት ማን ጥቁር ለበሰ? ለፈረንጅ ሊሸጥ ነው ሲባል ሰላማዊ ሰልፍ ካልወጣን የምንለው ሰዎች፣ በእጃችን ላይ ሲሞት አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍንም። ቁጭታችን የሚነሳው ገዢ ሲመጣ ብቻ ከሆነ እሱ የሀገር ፍቅር አይባልም፤ ቅናት ነው።

ባለቤቱ የሀገር ልጅ መሆኑ ብቻውን አያድንም። የእንግሊዙን ሮቨር ተመልከቱ። በ2000 የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው ሰለቸውና ለአራት እንግሊዛውያን ነጋዴዎች በ10 ፓውንድ ሸጠላቸው። አዎ፣ በአሥር ፓውንድ! ሕዝቡ «ወደ ቤቱ ተመለሰ» ብሎ ጨፈረ። በ2005 ድርጅቱ ወደቀ፣ 6 ሺህ ያህል ሠራተኛ ተበተነ። በኋላ የወጣው የመንግሥት ምርመራ ኃላፊዎቹ በደመወዝና በጡረታ መልክ 42 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደወሰዱ አሳየ። ቅሪቱን የገዛው ቻይናዊ ኩባንያ ነው። የሀገር ልጅም እኮ ይበላል።

«የመንግሥት ይሁን» የምትሉም አላችሁ። በ2010 ሜቴክ ሲቋቋም የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ በሥሩ ገባ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የተሰማሩት «ቢሾፍቱ» አውቶቡሶች ስንቶቹ ተበላሽተው ቆሙ? የፈረንጅ እጅ የለበትማ!

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎራ ልዙር። «ፈረንጅ ይምጣና ይግዛው» ላላችሁት። አምቼን ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አበባ ሰፈሩ እንኳ በስሙ ይጠራል። ከ1970 ጀምሮ የጭነት መኪና ሲገጣጥም የኖረ ነው፤ አብዛኛውን ድርሻ ለረጅም ዘመን የያዘው የጣሊያኑ ኢቬኮ ነው። ሥራ ሰጥቷል፣ አልክድም። ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ገጣጥመን ዛሬ የራሳችን የምንለው የጭነት መኪና ሞተር አለን? ፈረንጅ መግባቱ በራሱ እውቀት የሚያስገባ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባወቅን ነበር።

እና ምንድን ነው ልዩነቱን የሚያመጣው? ለዚህ ከስዊድን የተሻለ አስተማሪ የለም። ሁለት የሚኮሩባቸው መኪኖች ነበሯቸው፣ ቮልቮና ሳአብ። ሁለቱም አሜሪካኖች እጅ ገብተው ነበር፤ ቮልቮን ፎርድ፣ ሳአብን ጄኔራል ሞተርስ ይዟቸዋል። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ2010 ተሸጡ። ቮልቮን የቻይናው ጂሊ ገዛው። ሳአብን ስፓይከር የሚባል ትንሽ የሆላንድ ኩባንያ ወሰደው። ሰው ሁሉ የፈራው ለቮልቮ ነበር፤ «ቻይና ፋብሪካውን ነቅሎ ይወስደዋል» ተባለ። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሳአብ በታኅሣሥ 2011 ከሰረ። ቮልቮ ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ ጎተንበርግ ነው፣ እዚያው ይነደፋል፣ እዚያው ይመረታል።

ለምን? ሳአብ ገንዘብ አጥሮት ቻይናውያን ሊገዙት ሲመጡ፣ መኪናው የተሠራበት ቴክኖሎጂ የጄኔራል ሞተርስ ነበርና አሜሪካኖቹ «የኛን ቴክኖሎጂ አሳልፋችሁ አትሰጡም» ብለው በሩን ዘጉት። ስሙ የሳአብ፣ ቁልፉ የሌላ። ቮልቮ ግን መሐንዲሶቹ፣ ንድፉ፣ የመሞከሪያ ቦታው፣ ዕቃ አቅራቢዎቹ እዚያው ሥር ሰደው ነበር። ጂሊም የፈለገው ይሄንኑ ስለሆነ ሊነቅለው አልቻለም፤ ቢነቅለው የገዛው ነገር በእጁ ላይ ይጠፋበታል።

የኛ «አባይ»ም እጣው የሳአብ ነው። ስሙ የኛ፣ ቁልፉ የሊፋን። ከሊፋን ጋር መንገዳቸው ሲለያይ «አባይ» አብሮ ቀረ። ሊፋን ቆይቶ ራሱ መጣና ዱከም በራሱ ስም መገጣጠም ጀመረ። አስቂኙ ነገር፣ ሊፋንም በተራው በ2020 ቻይና ውስጥ ከሰረ፤ ያነሱት ቮልቮን የገዛው ጂሊና አጋሮቹ ናቸው። እዩት እንግዲህ! የሚያውቀው ያላወቀውን ይገዛል፣ የበለጠ ያወቀው ደግሞ እሱን። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይሉ የለ አባቶቻችን? እኛ በሰው ቆርቆሮ ላይ የወንዛችንን ስም ጽፈን ደመቅን ብለን ነበር።

እዚህ ሮብ ገበያ ሆነን ስለ መኪና ምን አገባን የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ወደምናውቀው ገብስ እንምጣ። በ2011 በደሌና ሐረር ቢራ ለሆላንዱ ሄኒከን በ163 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። በ2012 ሜታ አቦ ለእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያኔም «ሀገር ተሸጠ» ተብሎ ነበር። በ2022 ዲያጆ ሜታን ለቢ.ጂ.አይ. ሸጦ ሄደ። ባለቤት ተቀያየረ። ፋብሪካው ግን ብቅል ይፈልጋል፣ ብቅል ገብስ ይፈልጋል፣ ገብስ ደጋ ይፈልጋል። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን የአርሲን ገበሬ ደጅ መጥናቱ አይቀርም። የብቅል ፋብሪካም ደብረ ብርሃን ድረስ መጣ። ቢራው የተረፈው ከታች ሥር ስላለው ነው። እኛም የቾቄ ሰዎች «ቢራውን ማን ገዛው» ብለን ከምንነታረክ «ሲናን ከዚያ ውል ውስጥ ስንት ኩንታል አለው?» ብለን ብንጠይቅ ይሻለን ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

መኪናው ሥር አልነበረውም። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ የጎማ ፋብሪካ አለ። ወንበሩን፣ ጎማውን፣ ባትሪውን፣ መስታወቱን ከዚህ የሚያቀርብ መቶ ትንንሽ ወርክሾፕ በዙሪያው ቢበቅል ኖሮ፣ ድርጅቱ ቢከስር እንኳ የሚገዛው አይታጣም፤ ቢገዛም ነቅሎ የሚወስደው ነገር አያገኝም ነበር።

ይሄን የምጽፈው የሞተ ለማንሳት አይደለም። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠሚያ በየቦታው እየተከፈተ ነው። አካሉ አሁንም ተበታትኖ ከቻይና ይመጣል። ነገ አንዱ «ጣና» ይለዋል፣ ሌላው «ቾቄ» ይለዋል፣ እኛም ፎቶ ተነስተን እንለጥፋለን። ከነገ ወዲያ አንዱ ሲከስር ወይ ሲሸጥ ይሄው ስድድብ ይደገማል።

ስለዚህ የሚሸጥም ሆነ የሚከፈት ፋብሪካ ስታዩ «የማን ነው?» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁልኝ፦

1. በአምስት ዓመት ውስጥ ከመኪናው ስንት እጁ እዚህ ይሠራል? በውሉ ላይ ተጽፏል?
2. ንድፉንና የመኪናውን ኮምፒውተር የሚከፍተው የማን መሐንዲስ ነው? የኛ ልጆች ገብተው ይማሩታል ወይስ ቡሎን ብቻ ያጠብቃሉ?
3. ባለቤቱ ቢሄድ መለዋወጫውን ማን ያቀርባል?
4. ገዢ ቀድሞ የከፈለው ገንዘብ ብር ቢወድቅ ምን ዋስትና አለው?

መልስ ካላቸው ቻይናዊም ይግዛው፣ ሆላንዳዊም ይግዛው፣ እኔ አልደነግጥም። መልስ ከሌላቸው ባለቤቱ የጎጃም ልጅ ቢሆንም አልጨፍርም።

ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ እጃችሁ በግራሶ የተነከረ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ጉዳይ ከማንም በላይ የእናንተ ነው። የተሸጠ ፋብሪካ ባለቤት ይቀይራል። እውቀት ያልተረፈበት ፋብሪካ ሲዘጋ ግን ለእናንተ የሚቀረው የተዘጋ በር ብቻ ነው።

ሐሳብ ያላችሁ ሞግቱኝ፣ ደስ ይለኛል። «ሀገር ሻጭ» የሚል ስድብ ግን እሰርዛለሁ።

ቸር ያሰማን።