አዝማሪ ስድብ ነው እንዴ?

ዛሬ በሚኒ ሚዲያ መጽሔታችን ላይ የምጽፈው ስለ አርት መምህራችን ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ "ስሜን እንዳትጽፊ" ብለውኛል። ግን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

መምህራችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ያስተምሩናል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ ላይ ኦርጋን ይጫወታሉ። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ስታገባ አይቻቸዋለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት በዚያ በሚኤሶ ሙቀት ድንኳን ውስጥ ቆመው ተጫወቱ። አንዱ መጥቶ ኦሮምኛ ይላቸዋል፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ሶማሊኛ፤ እሳቸው ሁሉንም ይጫወታሉ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ከበሮ አንስተው ቀጠሉ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ግን ከእኛ ቀድመው ቆመው ነበር፤ ድምፃቸው ብቻ ተዘግቷል።

የዚያን ዕለት ወደ ክፍል ሲገቡ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር "አዝማሪው መጣ!" አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄአለሁ። መምህራችን ሰምተዋል፤ ግን አልተቆጡም። "አዝማሪ ማለት ምን ማለት ነው?" ብለው ጠየቁን። ማንም አልመለሰም። "ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። መዝሙርም የመጣው ከዚያው ነው። መዝሙር ሲባል ታከብራላችሁ፣ አዝማሪ ሲባል ትስቃላችሁ" አሉን። ከዚያ ጠመኔያቸውን አንስተው ትምህርቱን ቀጠሉ። እኔ ግን ያን ቀን ትምህርቱ አልገባኝም፤ በጣም አፍሬ ነበር።

በሌላ ቀን ስለ በገና ሲያስተምሩን የዓለሙ አጋን ታሪክ ነገሩን። ጋሽ ዓለሙ ታዋቂ የበገና ደርዳሪ ናቸው። በገና መማር የጀመሩት በ12 ዓመታቸው ነው፤ ማለትም ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሱ ነበር። ያስተማሯቸው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ ጎረቤታቸው ናቸው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጂኦግራፊ ተማሩ። ከዚያም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና መምህር ሆኑ። በደርግ ጊዜ የበገና ትምህርቱ ቆመ። እሳቸውም ሱቅ ከፍተው መኖር ጀመሩ፣ ግን በገናውን አልተዉትም፤ ለሚፈልግ ሰው ያስተምሩ ነበር። ዛሬ በገና የሚደረድሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። እስቲ አስቡት፣ አለቃ ተሰማ ለጎረቤታቸው ልጅ "ሂድ ሒሳብህን አጥና" ብለው ቢመልሱት ኖሮ?

አንዳንድ ተማሪ "እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በገና ምን አገባኝ?" ሊል ይችላል። እሺ፣ ወደ እኛ አካባቢ እንምጣ። አሊ ቢራ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ አፍረን ቀሎ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር መዝፈን ጀመሩ። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በዓረብኛ ዘፍነዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ያረፉ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የእሳቸው ዘፈን ሲከፈት ነበር። አባቴም አዝኖ ነበር። ያው አባቴ ግን "ከሙዚቃ እንጀራ አይገኝም፣ ትምህርትሽን ያዢ" ይለኛል። ታዲያ አሊ ቢራን እየወደድን የሰፈራችንን ሙዚቀኛ ለምን እንንቃለን? ይሄ ነው ያልገባኝ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። የአርት ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል። ሒሳብ እንደሚጠቅም አውቃለሁ። ስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዳለም አውቃለሁ፤ ፈተናው ላይ አርት አይመጣም። እኔ ራሴ ባለፈው ሴሚስተር የአርቱ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ሲሰጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን መምህራችን በር ላይ ደርሰው፣ ሌላ መምህር እያስተማሩ አይተው፣ ክራራቸውን ይዘው ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው። ያን ክራር በራሳቸው ገንዘብ ነው የገዙት። ከሠርግ ባገኙት ብር ማለት ነው። እኛ የሳቅንበት ሥራ ለእኛው ክራር ገዛልን።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እባካችሁ የአርት ክፍለ ጊዜ ለአርት ይሁን። ማካካሻ ሲያስፈልግ ከሰዓት በኋላ ብንመጣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ሁለተኛ፣ ሸጎዬ የሚችሉ አያቶችና እናቶች በየቤታችን አሉ። በወላጆች ቀን መጥተው ቢያሳዩን እኛም እንማር ነበር፤ የእኔ አያት እሺ ብላለች። ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። "አዝማሪ" የሚለውን ቃል ስድብ አናድርገው።

በመጨረሻ፣ ቲቸር፣ የዚያን ዕለት ስለሳቅሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በአካል ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ስታፍ በር ድረስ መጥቼ አፍሬ ተመልሻለሁ። በሚቀጥለው የአርት ክፍለ ጊዜ ክራሩን ይዘው ይምጡ። እኔ ፊት ወንበር እቀመጣለሁ።



ከ7ኛ "ለ" ክፍል
ሚኤሶ