የቤታችን ጉዳይ፦ የሚሰቀል የአበባ ዕቃ ስትመርጡ



ዛሬ የምናወራው ስለ አበባ ዕቃ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ አበባ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ይሁን። ነገር ግን ከራሳችን በላይ የምንሰቅለው ዕቃ ሁሉ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የማስተምረው አዲስ አበባ፣ ጦር ኃይሎች ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት የሚመጣው የከተማ ባቡር ሐዲዱ የሚያበቃው እዚህ ነው። ሰፈራችን ሰው የበዛበት ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የሚኖሩት በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ጓሮ የላቸውም።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከገጠር የመጡ እናት ናቸው። የሚኖሩት ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እዚህ አገር መሬቱ ሁሉ ሲሚንቶ ነው። አረንጓዴ ነገር ካላየሁ ዓይኔን ያመኛል። መሬት ከሌለ ታዲያ ለምን አልሰቅልም?»

እውነታቸውን ነው። ሐረግ የሆነ ተክል ቦታ አይፈጅም። ሲሰቀል ወደ ታች ይወርዳል፤ ቤት ያሳምራል። ጎረቤታቸው አንድ ቁራጭ ሰጧቸው። ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር አለው። ይህ ተክል የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው። ትንንሽ ልጆቹን በቀጭን ግንድ ላይ ያንጠለጥላል። አንዱን ልጅ ቆርጦ መትከል ይበቃል። መግዛት አያስፈልግም።

እማማ ገበያ ሄዱ። የሚያምር የሸክላ ማሰሮ ገዙ። አፈር ሞሉበት፣ ተክሉን ተከሉበት። ከዚያም በጭቃው ግድግዳ ላይ ምስማር መትተው ከአልጋው ራስጌ ሰቀሉት። በሦስተኛው ቀን ማታ ውሃ አጠጡት። ሌሊት ምስማሩ ተነቅሎ ማሰሮው ወደቀ። የወደቀው ትራሱ ላይ ነው። እግዚአብሔር ሲጠብቅ፣ ልጁ ያን ዕለት የተኛው ከአያቱ ጋር በወዲያኛው መደብ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ማሰሮው ምን ያህል ይከብድ እንደነበር በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ደመርን፦

ባዶው ማሰሮ፦ 3 ኪሎ
አፈሩ፦ 5 ኪሎ
ውሃው፣ 2 ሊትር፦ 2 ኪሎ
ድምር፦ 10 ኪሎ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ይህን አትርሱ። እማማ ማሰሮውን ሲገዙ ያነሡት 3 ኪሎ ነው። የሰቀሉት ግን 10 ኪሎ ነው። «ለካ ባዶውን ነው የመረጥኩት!» አሉ።

ታዲያ ምን ዓይነት ዕቃ እንምረጥ?

ሸክላ። ውሃ በጎኑ ስለሚተን ሥር ቶሎ አይበሰብስም። ነገር ግን ከባድ ነው። መሬት ላይ ወይም መስኮት ደፍ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

ጣሳ። ቀላል ነው፤ በነጻ ይገኛል። ነገር ግን ይዝጋል፤ በፀሐይም ይግላል። የተቆረጠው አፉ እጅ ይቆርጣል። ጠርዙን ወደ ውስጥ ቀጥቅጡት።

የዘይት ጀሪካን። ቀላል ነው፤ አይዝግም። ግማሹን ቆርጣችሁ በሳሙና እጠቡት። ሆኖም ለብዙ ዓመት ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃልና አልፎ አልፎ እዩት።

ዕቃው ምንም ይሁን ምን፣ ታችውን ብሱት። ውሃ መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ዕቃውም ይከብዳል። ጥቁር መረሬ አፈር ብቻውን አትሙሉበት፤ ውሃ ይዞ ይከብዳል። ብስባሽ ቀላቅሉበት።

እማማ ምክሩን ሰምተው ጀሪካን ፍለጋ ወጡ። ከግቢው ጥግ አንድ አገኙ። ሊቆርጡት ቢላዋ አነሡ። ጎኑ ላይ የራስ ቅል ሥዕል አዩ። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አድርገው «መ... ር... ዝ» ብለው አነበቡ። ቢላዋውን አስቀመጡት።

«አምና ቢሆን እቆርጠው ነበር። ልጁም ይነካካው ነበር» አሉኝ።

የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለውሃ፣ ለእህል፣ ለአበባም አይሆንም። ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩትና የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ስለ መስቀያው። የጭቃ ግድግዳ ምስማር አይዝም። ከጣሪያው ወፍራም እንጨት ላይ እሰሩት። ቀጭኑ ማገር አይበቃም። በአንድ ገመድ ሳይሆን በሦስት ገመድ ይንጠልጠል፤ አንዱ ቢበጠስ ሁለቱ ይይዛሉ። የቃጫ ገመድ እርጥበት ሲነካው ይበሰብሳልና በየወሩ ዳስሱት። ከአልጋ፣ ከምድጃና ሰው ከሚቀመጥበት በላይ አትስቀሉ። በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብም አትስቀሉ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ሽቦ ከነካ ሰው ይገድላል። ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ ደህና ነው።

ከሥሩ ሳህን የምታደርጉ ከሆነ ቢያንስ በየሳምንቱ ውሃውን ድፉት። በተለይ ቆላ አገር ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የደንጌ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ባለ ትንሽ ውሃ ውስጥ ትራባለች።

እማማ በመጨረሻ ከሱቅ የዘይት ጀሪካን ገዙ። አፈርና ውሃ ሞልተው ከመስቀላቸው በፊት ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስቀመጡት። 4 ኪሎ ሆነ። ዛሬ በመስኮታቸው አጠገብ ተሰቅሏል። ቅጠሉ አንድ ክንድ ወርዷል። ልጁም በአልጋው ላይ ይተኛል።

እንግዲህ እናንተም ቀና በሉና ጣሪያችሁን እዩ። አበባ ባይኖር እንኳ ቅል፣ ቅርጫት ወይም የዘር በቆሎ ተሰቅሎ ይሆናል። ማን ነው ከሥሩ የሚተኛው?

መልመጃ
1. ባዶው ጣሳ ግማሽ ኪሎ፣ አፈሩ 2 ኪሎ፣ ውሃው 1 ሊትር ቢሆን ድምሩ ስንት ኪሎ ነው?
2. የማሰሮው ምስማር የተነቀለው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ያሉትን ጀሪካኖች አንድ በአንድ አንሡ። ጎናቸው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት በደህና ያገናኘን።