«ማዘር፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

አክስቴ ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው። ከሃያ ዓመት በላይ፣ በእንጨት። ቤቷ መብራት አለ። ግን ኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ይቆጥራል፣ መብራት ሄዶ ግማሽ ቀን ከቆየ ደግሞ የደንበኛው ሊጥ ኮምጥጦ ይቀራል። እንጨት አይቋረጥም። ስሌቷ ላይ ስህተት ላወጣላት አልቻልኩም።

ማሳል ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለች፣ ቀጥሎ ብሮንካይት። አሞክሳሲሊን ስንት ዙር እንደወሰደች ራሷም አታውቀውም። ቲቢ ተመርምራ የለብሽም ተብላለች። ባለፈው ዓመት ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ እያጠራት ሲያስቸግራት ይዣት ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም «ማዘር፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አላት። «ኧረ ስሙን አትጥራብኝ ልጄ!» ብላ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። እሱም ጽፎ ሽሮፕ አዘዘላት። በምን እንደምትጋግር ግን አልጠየቃትም። እኔም አልተናገርኩም፣ ለካ እኔም አላሰብኩትም!

በሽታዋ የታወቀው ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ በቱቦ ሲያስተነፍሷት ነው፦ ሲኦፒዲ። የሳንባ አየር መተላለፊያዎች በጊዜ ብዛት እየጠበቡ የሚሄዱበት፣ የተጎዳው ተመልሶ እንደ ድሮው የማይሆንበት በሽታ። መሣሪያው ስፓይሮሜትር ይባላል። መድኃኒት ተስቦ በኃይል ሲተነፈስ፣ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ መተላለፊያው ጠቧል ማለት ነው። በጆሮ አዳምጦና በራጅ አይቶ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም።

ታዲያ ስንት ሰው አለበት? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እ.ኤ.አ.) 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፣ በዓለም አራተኛው ገዳይ ነው። በሀብታም አገሮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው። እንደኛ ባሉት አገሮች ግን የሲጋራ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፤ ከቀሩት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የቤት ውስጥ ጭስ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) እዚህ በተደረገ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ፣ ሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «እኛ ጋ ይሄ በሽታ ብዙም የለም» ቢል አይፈረድበትም። ግን አብዛኛው ቤታችን የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ማዕድ ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መስኮት የለውም።

እኔ የማምነው ይህ ነው፦ በሽታው አነስተኛ የሚመስለው ስለማንለካው ነው። ያልተመረመረ ሰው ቁጥር ውስጥ አይገባም፣ ቁጥር ውስጥ ያልገባ በሽታ ደግሞ በጀት ሲደለደል ስሙ አይነሳም። መድኃኒት አይገዛለትም፣ ባለሙያ አይሠለጥንለትም፣ ስለዚህ አሁንም አይመረመርም።

«ወባና ቲቢ እያለብን?» የሚል አይጠፋም። ገንዘቡ ጠባብ መሆኑ ገብቶኛል። በየጤና ጣቢያው ስፓይሮሜትር ነገ ይቀመጥ አላልኩም፣ መሣሪያው የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ግን ካርዱ ላይ «ታጨሻለሽ?» ከሚለው ጎን «በምን ታበስያለሽ? ስንት ዓመት?» ብሎ መጨመር ስንት ብር ይፈጃል? የወረቀት ዋጋ እንኳ አይሆንም። ሲጋራ የማያጨሱ፣ ለዓመታት የሚያስሉ ሴቶች ወደ ትክክለኛው ምርመራ እንዲላኩ መነሻ ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲ ኤክስተርናሊቲ ሲያስተምሩን ምሳሌው ሁሌ ፋብሪካና ወንዝ ነበር፦ ሻጩም ገዢውም የማይከፍሉት ጉዳት። የአክስቴ ነገር ከዚያ ይለያል፣ ጉዳቱን የምትከፍለው ሻጯ ራሷ ናት፣ ያውም ሳታውቀው። አንድ እንጀራ ስንገዛ ጤፉን፣ እንጨቱንና ጉልበቷን በመጠኑ እንከፍላለን። ሳንባዋ ዋጋው ውስጥ የለም። እኔም ለዓመታት ከእሷ ስወስድ «ጨመርሽብን» እያልኩ ተከራክሬያለሁ።

የተሻሻለ ምድጃ ጥሩ ነው፣ እንጨት ይቆጥባል፣ ጭስም ይቀንሳል። ግን መቀነስና ማጥፋት ይለያያሉ። የማይቋረጥ መብራት የኢነርጂ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ይገርመኛል፤ ለጋጋሪዎች ከሕክምና አይተናነስም።

አሁን ምድጃውን ከማዕድ ቤት አውጥተን ውጪ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አድርገንላታል። የሚሳበውን መድኃኒት ቶሎ እንዳያልቅባት ሲብስባት ብቻ ትወስዳለች፣ ብንቆጣትም። አቁሚ ብያት ነበር። «ካቆምኩ ማን ያበላኛል፣ አንተ?» አለችኝ። ሥራ ፈላጊ መሆኔን ታውቃለች። ቅዳሜ የሠርግ ትእዛዝ አላት።