ዲፍራግ የሁሉ መድኃኒት ነው ወይ?

ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ በተባለ ቁጥር በዲፓርትመንታችን የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ዲፍራግ አድርገው!» የሚል። እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ውስጡ ያለው ዲስክ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ላስረዳ። ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓው ከመስከረም 1 ከቅዱስ ዮሐንስ ተነስቶ የዓመቱን በዓላት ተከትሎ ይሄዳል። ጥራዙ ተፈትቶ ቅጠሎቹ ቢደባለቁ ቃሉ አይጠፋም፤ አንባቢው ግን ወደፊት ወደኋላ ሲገልጥ ጊዜው ያልቃል። ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። ፋይል ሲጻፍና ሲሰረዝ ባዶው ቦታ ይበጣጠሳል፤ አዲሱ ፋይልም በየክፍተቱ ተቆራርጦ ይቀመጣል። በደቂቃ 7200 ጊዜ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ለአንድ ቁርጥራጭ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠበቃል። ትንሽ ትመስላለች፤ በ1000 ቁርጥራጭ ስትባዛ ግን 4 ሰከንድ ናት። የማንበቢያው ራስ የሚመላለስበት ጊዜ ደግሞ ገና አልተቆጠረም። ዲፍራግ ማለት እንግዲህ ቅጠሎቹን በተራቸው መልሶ መጠረዝ ነው።

ኤስኤስዲ ግን ድጓውን በቃሉ እንደያዘ መሪጌታ ነው፤ ቅጠል አይገልጥም። ስለዚህ ዲፍራጉ እምብዛም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ሴሎቹ የሚጻፍባቸው ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ በከንቱ ያስረጀዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ሲስተሙ ራሱ የዲስኩን ዓይነት ለይቶ ለኤስኤስዲ ትሪም የተባለውን ትእዛዝ ይልካል። ታዲያ እኛ ምን አስቸኮለን?

ሃርድ ዲስክ ባላቸው አሮጌ ማሽኖችም ቢሆን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ሌላ ቦታ እንገልብጥ። ቀጥሎ የማያስፈልገውን እናጥፋ፤ የዊንዶውስ ኤክስፒው ዲፍራግ በደንብ ለመሥራት 15 በመቶ ባዶ ቦታ ይፈልግ ነበር። መብራት የሚቆራረጥበትን ሰዓትም እንሽሽ። ከሁሉ በላይ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ዲፍራግ የሚባል ነገር አይነሳ! የታመመን ሰው ዳገት እንደማስወጣት ነው፤ የአራት ዓመት ልፋት አብሮ ሊቀበር ይችላል።

ስለሆነም ዲፓርትመንቱ በእያንዳንዱ የላብ ኮምፒውተር ላይ የዲስኩን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ቢለጥፍ፣ ዲፍራጉም ለሃርድ ዲስኮቹ ብቻ በሴሚስተር እረፍት ቢደረግ እላለሁ። ወጪው አንድ ደስታ ወረቀት ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ከማዘዝ በፊት መመርመርን ያስተምረናል።