«አፕግሬድ» ለማን?

ጥምቀትን ጎንደር ልናከብር ቀብድ ከፍለን ክፍል የምንይዝ ወጣቶች ይህቺን ጨዋታ ለምደናታል። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወርዱበት በከተራ ዕለት ቦርሳችንን ተሸክመን ስንደርስ፣ ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ፈገግታ ይጠብቀናል፦ «የያዛችሁት ክፍል ተሰጥቷል፤ ግን አፕግሬድ አድርገናችኋል። ልዩነቱን ብቻ ጨምሩ።»

ማን ጠየቃችሁ? የያዝነው ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ነበር፤ ለሁለት ተካፍለን ልንከፍል። የተሰጠን አንድ ሰፊ አልጋና በረንዳ ነው። በረንዳ ላይ እንተኛ?

«ሰው በዛብን» አትበሉን። ጥምቀት ድንገት የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ጥር 11 ነው። ዩኔስኮ እንኳ በ2012 ዓ.ም. መዝግቦታል።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ልዩነት ጨምሩ የሚል የለበትም!

እኛም ዝም ብለን አንክፈል። ቀብድ ስንሰጥ የክፍሉ ዓይነት፣ ዋጋውና ቀኑ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልን። እንግዳ አልለቅም ብሎባችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ የሚበልጥ ክፍል ከሰጣችሁን ልዩነቱን እናንተ ቻሉት። ያልጠየቅነውን ሰጥቶ ማስከፈል መስተንግዶ አይባልም።